ዝም የማለት መብት በየትኛው አማርኛ ይነገር?

ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት
ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለፌዴራልና ለክልል ፖሊስ ኮሚሽኖች
እንዲሁም ዛሬም ሆነ ነገ ከእነዚህ ደጆች በአንዱ ለሚቆም አንባቢ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ላለመናገር ያለ መብት ሰው በሚገባው ቃል እንዲነገር ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። በአንድ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላዬን ተክዬ፣ በርጩማዬን ስቤ፣ የሰው አቤቱታ በወረቀት ሳሰፍር ብዙ ዓመት ሆነኝ። ድሮ በእጅና በካርቦን ወረቀት ነበር፤ ዛሬ እኔ ረቂቁን እጽፋለሁ፣ ከጎኔ ያለችው ልጅ በኮምፒዩተር ትተይበዋለች። ሕግ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ሕጉን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። እኔ የማውቀው ሕግ ከመጽሐፍ ወርዶ የባለጉዳይ ጆሮ ጋ ሲደርስ ምን መልክ እንደሚይዝ ነው። ስለ አንድ መብት፣ ደጅ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት የእህታቸውን ልጅ አስከትለው መጡ። ልጁ በግንባታ ቦታ የቀን ሥራ ይሠራል። ከተማ ከገባ ሁለት ዓመት አልሞላውም። አፉን የፈታው በሌላ ቋንቋ ነው፤ አማርኛው ሲሚንቶ ለመሸከም፣ አሸዋ ለመንፋት፣ ሂሳቡን ለመጠየቅ ይበቃዋል። በክፍያ ቀን ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቶ፣ ሰውየው ተጎድቶ፣ ልጁ ተይዞ በዋስ ወጥቷል። አሁን ክስ ደርሶታል።

ከክሱ ጋር ለፖሊስ የሰጠው ቃል ተያይዞ ነበርና አነበብኩት። ቀድሞ በነበረን ቂም ተነሳስቼ፣ ጉዳት ለማድረስ በማሰብ፣ በያዝኩት የብረት ዘንግ ግራ ትከሻውን የመታሁት መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል። ቀና ብዬ ልጁን አየሁት።

«ቂም ነበራችሁ እንዴ?» አልኩት።

«ቂም ምንድን ነው?» አለኝ።

ወረቀቱን አጠፍኩት። «ስትጠየቅ መናገር ግዴታህ እንዳልሆነ ነግረውህ ነበር?» ብዬ ደግሞ ጠየቅሁት። እንደተነገረው በወረቀቱ አናት ላይ በታተመ ጽሑፍ ተገልጿል፤ የአውራ ጣቱም አሻራ ከግርጌው አለ። ልጁን ግን ጥያቄው ራሱ አስደነገጠው።

«እንዴት ዝም እላለሁ ጋሼ? ትልቅ ሰው እየጠየቀኝ!»

ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝ ያች መልስ ናት።

ሕጉ የሚለውን አንባቢም እንዲይዘው ባጭሩ ላስቀምጠው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት በአንቀጽ 27 እንዲህ ይደነግጋል፦ የተያዘ ሰው ማንነቱና አድራሻው ከተረጋገጠ በኋላ ስለተጠረጠረበት ነገር ይጠየቃል፤ መልስ እንዲሰጥ ግን አይገደድም፤ አለመገደዱም፣ የሚናገረው ማስረጃ ሊሆንበት መቻሉም ይነገረዋል። ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ በደንብ የማይረዳ ከሆነ ብቁ አስተርጓሚ ይቀርብለታል፤ አስተርጓሚውም የጥያቄውንና የመልሱን ትክክለኛነት ያረጋግጣል። አንቀጽ 31 ደግሞ ማባበልን፣ ማስፈራራትንና ተስፋ መስጠትን ይከለክላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን መብት ወደ የበላይ ሕግ ደረጃ ከፍ አድርጎታል። በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት አለው፤ ይህም ወዲያውኑና በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ተገድዶ የሰጠው ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም። በአንቀጽ 20 ተከሳሹ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፣ በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም፣ የችሎቱን ቋንቋ ካልተረዳ በመንግሥት ወጪ ይተረጎምለታል። አገራችን በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 14 ይህንኑ ያጸናል።

እንግዲህ መብቱ ከእኔ ጃንጥላ በዕድሜ የሚበልጥ ነው። ልጁ ዘንድ ግን አልደረሰም። የት ቀረ? እኔ ባየሁት አራት ቦታ ላይ ይቀራል።

የመጀመሪያው ቦታ የምርመራ ክፍሉ በር ነው። ምርመራ የሚከፈትበት የአማርኛ ሐረግ «ቃልህን ስጥ» ነው። «ስጥ» ትእዛዝ ነው። «ቃል» ደግሞ በእኛ ዘንድ ከንግግር ይበልጣል፤ ቃል ይታሰራል፣ ቃል ይከበራል፣ ቃሉን ያጠፈ ሰው ይታማል። ቃልህን ስጥ የተባለ ሰው ቀጥሎ ላለመናገር መብት አለህ ሲባል፣ አንዱ አፍ እያዘዘውም እየፈቀደለትም ነውና የትኛውን ይስማ? ሰው ሲፈራ የሚይዘው የለመደውን ነው፤ ትእዛዝን ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ለምዶታል።

«ላለመናገር መብት አለህ» የሚለው ሐረግ ራሱ ለዓይን የተሠራ ነው። አሉታው በቃሉ መሐል ተሸሽጓል። ፈጠን ብሎ ሲነበብ፣ በተለይ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው፣ ጆሮው ላይ የሚቀረው «መናገር» የሚለው ነው። አንድ ባለጉዳይ «የመናገር መብት አለህ አሉኝ፤ እኔም ተናገርኩ» ብሎኛል። አልዋሸም፤ የሰማው ያንኑ ነው። እንዲህ ቢባልስ? «መናገር ግዴታህ አይደለም። ዝም ብትል አትቀጣም።» ሁለት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ገበያ ውስጥ የሚነገር አማርኛ ነው፤ ሕጉን አያጎድልም፣ አያበዛም።

ከዚያ ብዕሩ ይመጣል። እዚህ ላይ የእኔንም ኃጢአት ልናዘዝ። አንዲት ሴት «ልጆቼን እርቧቸዋል» ቢሉኝ፣ ለከፍተኛ የኢኮኖሚ ችግር ተዳርገናል ብዬ የጻፍኩ ሰው ነኝ። የጽሕፈት አማርኛ ያምረናል፤ የሰው ንግግር እንደወረደ ሲጻፍ ያልተማረ ያስመስለናል። ማመልከቻ ላይ ሲሆን ይህ ጉራ ነው፤ ቢበዛ ዳኛውን ያሰለቻል። የተጠርጣሪ ቃል ላይ ሲሆን ግን ዓመታት ያስቆጥራል። ልጁ «ገፋኝ፣ ገፋሁት፣ ብረት ያዝኩ» ብሎ ነበር የነገረኝ። ወረቀቱ ላይ «በማሰብ» የሚል ቃል ገብቷል። በወንጀል ሕጋችን አስቦ በመጉዳትና በቸልተኝነት በመጉዳት መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ያን ርቀት ልጁን ያሻገረው የእሱ አፍ አልነበረም።

ሁለተኛው ቦታ ጨዋነታችን ነው። በእኛ አገር ሙግት የአንደበት ሜዳ ነበር። ተሟጋቹ ነጠላውን አደግድጎ፣ «በላ ልበልሃ» ብሎ ነገሩን በምሳሌና በቅኔ እያሰማመረ ሲያወርድ ሕዝቡ ከቦ ይሰማ ነበር። አፉ የተያዘ ተረታ። ወንጀል ተሠርቶ ሠሪው ሲጠፋም አገሬው ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ እዚያ ቦታ ዝም ያለ ሰው መጠርጠሩ የማይቀር ነው። ከቤትም ብንጀምር፣ ታላቅ ሲጠይቅ ታናሽ ይመልሳል፤ ዝም ካለ ወይ ንቋል ወይ አጥፍቷል። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው መርማሪ ፊት ሲቆም ዝም ማለት እንደ ስድብ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ላለመናገር ያለ መብት ከነሥነ ሥርዓት ሕጉ የገባው ከሌላ የሕግ ባህል ነው፤ በወረቀት ተቀበልነው፣ ከጨዋነታችን ጋር ግን ተቀምጠን አላስታረቅነውም።

ማስታረቂያው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ይኸው ሕዝብ «ዝም አይነቅዝም» ብሏል። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ብሏል። ነገር ለመቆጠብ የሚሆን ስንቅ ቋንቋው ውስጥ ሞልቷል፤ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ግን ማንም አይፈታውም። በምትኩ የምናየው ሌላ ዝርዝር ነው። እኔ ባየኋቸው የችሎት በሮች ላይ ስልክ ዝጉ፣ ባርኔጣ አውልቁ፣ እግር አታነባብሩ፣ አታውሩ የሚል ተለጥፏል። ደግ ነው፤ ችሎት ክብር ይገባዋል፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 449 ችሎት የሚደፍረውን ይቀጣል። ነገር ግን በዚያው በር ላይ ተከሳሽ ሲጠየቅ አለመመለሱ ድፍረት እንዳልሆነ የሚናገር አንድ መስመር አላየሁም። ስለዚህ ባለጉዳዩ ደንቡን ሁሉ በአንድ ጆንያ ይከተዋል፤ መመለስም እንደ መቆም፣ እንደ ማደግደግ የአክብሮት ክፍል ይመስለዋል።

የአጠራሩም ነገር አለ። ባለጉዳዩ «ክቡር ፍርድ ቤት» ይላል፣ መርማሪውን «ጌታዬ» ይላል። ወደ እሱ የሚመለሰው «አንተ» ነው፣ ሽበት ቢኖረውም። ባለ ክራቫቱ ተከሳሽ ግን «እርስዎ» ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ የሰላምታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን አላነሳውም ነበር። «አንተ» የተባለ ሽማግሌ ከፍ ካለ ሰው ፊት መቆሙን ያውቃል፤ ከፍ ያለ ሰው ደግሞ አይከለከልም። «እርስዎ» የተባለ ሰው «አልናገርም» ለማለት ትንሽ ወለል ያገኛል።

ሦስተኛው ቦታ ችሎቱ ውስጥ፣ የእምነት ክህደት ቃል የሚባለው ነው። የልጁን ቀጠሮ ተከትዬ ገባሁ። በጻፍኩለት ማመልከቻ አስተርጓሚ ጠይቀን ስለነበር ተመድቦለታል። ክሱ በቋንቋው ተነበበለት። ዳኛዋ ድርጊቱን ፈጽሞ እንደሆነ፣ ጥፋተኛ ነኝ ይል እንደሆነ ጠየቁት። ልጁ እጁን አጣምሮ ዝም አለ። መመለስ ግዴታው እንዳልሆነ የነገርኩትን ይዞ ይሁን ደንግጦ፣ አላውቅም። ችሎት አስተናባሪው ጠጋ ብሎ «መልስ እንጂ! ዳኛዋ እየጠየቁህ ነው!» አለው። ዳኛዋ እጃቸውን አነሱ።

«ተወው። መመለስ ግዴታው አይደለም። ዝም ማለቱ እንደ ክህደት ይመዝገብ። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን ያሰማ።»

ከኋላ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ ራሴ በዚያ ደጅ በኖርኩበት ዘመን ይህን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ሲነገር የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሕጉ ግን ከጥንት አለ፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 133 ተከሳሽ ዝም ካለ እንደ ካደ ይቆጠራል ይላል። እንዲያውም ይቀጥላል። «አዎ መትቼዋለሁ፣ ግን እሱ ነው የጀመረኝ» የሚል ሰውም በሕጉ ዓይን አላመነም፤ በአንቀጽ 134 መሠረት አመነ የሚባለው የወንጀሉን ፍሬ ነገር ሁሉ ያለ አንዳች «ግን» ሲቀበል ብቻ ነው።

ከችሎት ስንወጣ አክስቱ አለቀሱ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር። «ልጄ መቼ ካደ?» አሉኝ። «ዝም አለ እንጂ መቼ ካደ? እኛ ቤት ከሃዲ የለም!» ያን ጊዜ ነው የቃሉ ክብደት የገባኝ። በአማርኛ ያመነ ሰው ሃይማኖተኛ ነው፣ ታማኝ ነው። የካደ ሰው እንጀራ የበላበትን የረገጠ ነው፣ ፈጣሪውን የተወ ነው። ለሕግ ሰው «አመነ» እና «ካደ» የመዝገብ ቃላት ናቸው፤ አንዱ ወደ ቅጣት፣ አንዱ ወደ ማስረጃ መስማት ይወስዳሉ። ለባለጉዳዩ ግን የነፍስ ቃላት ናቸው። ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ የተባለ ጨዋ ሰው ማመን ቢያምረው ምን ይገርማል? ሁለቱን ቃላት ከመዝገብ አውጡ አልልም፤ ሥር የሰደዱ ናቸው። ነገር ግን ለሰውየው ሲነገር «ክሱን ይቀበሉታል ወይስ አይቀበሉትም? ባይመልሱም እንዳልተቀበሉት ይመዘገብልዎታል» ማለት ይቻላል።

አራተኛው ቦታ «አማርኛ ትችላለህ?» የምትለው ጥያቄ ናት። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» እንላለን፤ ችሎት ስንገባ ግን ወፉ ሁሉ በእኛ ዜማ እንዲጮኽ እንጠብቃለን። «አልችልም» ማለት ያሳፍራል፤ ሥራ የሚበላበት ቋንቋ ነውና። ስለዚህ ልጁም፣ ሽማግሌውም፣ ሴትዮዋም «እችላለሁ» ይላሉ። ሂሳብ መጠየቅ የሚችል አማርኛ ግን «ከባድ የአካል ጉዳት»፣ «በማሰብ»፣ «የቅጣት ማቅለያ» የሚሉትን አይሸከምም። ጥያቄው ሌላ መሆን ነበረበት፤ ከልብዎ በየትኛው ቋንቋ ይናገራሉ መባል ነበረበት። አስተርጓሚም ሲያስፈልግ እዚያው የተገኘ ፖሊስ ወይም ከታዳሚው አንዱ እጁን ያወጣበትን ጊዜ አይቻለሁ። ያ ሰው «ላለመናገር መብት» የሚለውን በምን ቃል እንደተረጎመው ማን ያውቃል? መብቱ ገና ከመዝገብ ሳይገባ በአንድ ሰው ምላስ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል አንዱ ሲመልስልኝ ይሰማኛል፦ «ሰው ሁሉ ዝም ካለ ወንጀል በምን ይጣራ? ሕዝቡ ራሱ ‹ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ ዐሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት› ይል የለም ወይ?» ልክ ነው፣ ይላል። ነገር ግን የበጎቹ ዝምታ ነብሩን የረዳው ተበዳዮቹ እነሱ ስለነበሩ ነው። ተበዳይ ይጩኽ፤ ምስክርም ተጠርቶ፣ ምሎ፣ ያየውን መመስከር ግዴታው ነው፤ ይህ መብት የእነሱን አፍ አይዘጋም። የሚመለከተው ጣት የተቀሰረበትን አንዱን ሰው ነው። እሱ ዝም ሲል መርማሪው ወደ ሐኪም ማስረጃ፣ ወደ ዓይን ምስክር፣ ወደ ስፍራው ይሄዳል። ተጠርጣሪው ካልተናገረ የሚወድቅ መዝገብ፣ መጀመሪያውኑ የቆመበት እግር አልነበረውም። በማስገደድና በማባበል ቃል የተቀበለ ሹም ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ራሱ ተጠያቂ መሆኑን አትረሱብኝ፤ መብቱን በግልጽ መናገር ለመርማሪውም ጋሻው ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዛሬ በፊልም ሁሉ የሚታወቀው ማስጠንቀቂያ የመጣው በአንድ ወረቀት ሰበብ ነው። ኤርኔስቶ ሚራንዳ የተባለ ሰው በአሪዞና ለሁለት ሰዓት ያህል ተጠይቆ የፈረመው የእምነት ቃል አናቱ ላይ፣ መብቱን ሁሉ አውቆ በፈቃዱ እንደሰጠ የሚገልጽ የታተመ ጽሑፍ ነበረበት። መብቱን ግን የነገረው አልነበረም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመው ጽሑፍ አይበቃም አለ። ያን ታሪክ ስሰማ የእኛው ልጅ አሻራ ትዝ ብሎኛል።

አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ግን ሌላም ነገር ልጨምር፣ ጨዋነት እዚያም ያስከፍላልና። እ.ኤ.አ. በ1994 ያው ፍርድ ቤት አንድ ተጠርጣሪ ጠበቃ ማነጋገር ሳይሻለኝ አይቀርም በሚመስል ለስላሳ አነጋገር የጠየቀውን እንደ ጥያቄ አልቆጠረለትም፤ ቁርጥ ያለ ቃል መሆን አለበት ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ለሦስት ሰዓት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በአብዛኛው ዝም ብሎ የቆየ ሰው፣ ተኩሰህ ለገደልከው ልጅ እግዚአብሔር ይቅር እንዲልህ ትጸልያለህ ወይ ሲባል «አዎ» አለ። ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ዝም ማለት ብቻውን መብቱን መጠየቅ አይደለም፤ «አልናገርም» ማለት ነበረበት ብሎ ያችን «አዎ» ተቀበላት። የእኛ ሰው «ጠበቃ ቢኖር ጥሩ ነበር» ብሎ አንገቱን የሚደፋ ነው። እግዚአብሔር ከተጠራበት ደግሞ ዝም አይልም። ስለዚህ እዚያ ያላችሁ፣ በጨዋ ደንብ ሳይሆን በቁርጥ ቃል፦ «አልናገርም። ጠበቃ እፈልጋለሁ።» እንግሊዝ አገር ያላችሁ ደግሞ የዚያ አገር ደንብ ሌላ መሆኑን እወቁ፤ እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ በምርመራ ጊዜ ያልተናገሩትን ኋላ ችሎት ላይ ማንሳት ሊያስጠረጥር ይችላልና፣ ዝም ከማለት በፊትም ጠበቃ ይቅደም።

ወደ እናንተ ልመለስ፣ ክቡራን። ቃል መለወጥ ለእናንተ አዲስ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ስሙ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ነበር፤ ገና ከሽፋኑ ወንጀለኛ ይታየዋል። በ1996 ዓ.ም. የተተካው ሕግ «የወንጀል ሕግ» ተባለ፤ ዓይኑን ከሰውየው ላይ አንሥቶ ድርጊቱ ላይ አደረገው። ወህኒ ቤት ማረሚያ ቤት፣ እስረኛም ታራሚ ሆኗል። የሽፋኑን ቃል ለመለወጥ የደፈረ እጅ የበሩን ቃል ለመለወጥ አያቅተውም።

ስለዚህ የምለምነው አምስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ መብቱ የሚነገርበት አጭር የንግግር ቃል ይዘጋጅ፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአገሪቱ ቋንቋዎች ይዘጋጅ፤ በየጣቢያውና በየችሎቱ በር ላይ ከስልክ ዝጉ አጠገብ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችል በድምፅ ይነገር።

ሁለተኛ፣ በታተመ ጽሑፍ ሥር አሻራ ማሳረፍ ብቻውን መብቱ እንደተነገረ ማስረጃ አይሁን። ሰውየው የተረዳውን በራሱ አነጋገር ይመልስ፤ ያ እንደወረደ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ቃል ሲመዘገብ የተናጋሪው ቃል ይመዝገብ። «ገፋሁት» ያለ «ገፋሁት» ተብሎ ይጻፍለት። የሕግ ስያሜውን ዐቃቤ ሕግ በክሱ ይስጠው፤ የተጠርጣሪው አፍ ውስጥ አይቀመጥ።

አራተኛ፣ ተጠርጣሪ በመጀመሪያ ፍርድ ቤት በቀረበበት ቀን፣ ስለ ዋስና ስለ ጊዜ ቀጠሮ ከመጠየቁ በፊት፣ ዳኛው «መናገር ግዴታዎ እንዳልሆነ ማን ነገረዎት? በየትኛው ቋንቋ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱም መዝገቡ ላይ ይስፈር። የሥነ ሥርዓት ሕጉ የእምነት ቃል በፍርድ ቤት ሲመዘገብ በፈቃድ መሆኑን ዳኛው ጠይቆ እንዲያረጋግጥ በአንቀጽ 35 አዟል፤ እኔ የምለው ይህ ልማድ ቀደም ብሎ ይጀምር ነው።

አምስተኛ፣ ማንም ሰው በማንም ሹም ፊት «እርስዎ» ይባል። ይህ በጀት አይጠይቅም።

የልጁ ጉዳይ ገና በቀጠሮ ላይ ነው፤ ስለ ፍጻሜው የምለው የለኝም፣ የችሎቱ ነው። ያች ዳኛ የተናገሯት ዐረፍተ ነገር ግን ከእጅ ማንሣት የረዘመ ጊዜ አልወሰደችም። እኔም እናንተ እስክትደርሱ ብዬ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጃንጥላዬ ምሰሶ ላይ አንድ ወረቀት ሰቅያለሁ። እንዲህ ይላል፦

ስምዎንና አድራሻዎን ይናገሩ። ከዚያ በኋላ መናገር ግዴታዎ አይደለም።
ዝም ቢሉ በዝምታዎ አይቀጡም።
የተናገሩት ይጻፋል፤ ፍርድ ቤትም ሊቀርብብዎ ይችላል።
ከመፈረምዎ በፊት በሚገባዎት ቋንቋ እንዲነበብልዎ ይጠይቁ።
ጠበቃና ዘመድ ማነጋገር ይችላሉ።

ለማመልከቻ በገጽ አስከፍላለሁ። ይህን ወረቀት ግን ለጠየቀኝ ሁሉ በነጻ አነብለታለሁ፤ አማርኛ ካልገባው ደግሞ ከሰልፉ ውስጥ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አስነብብለታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከፍርድ ቤት ደጅ፣ ማመልከቻ ጸሐፊው